የግርጌ ማስታወሻው ሊቅ

መስከረም ሲጋመስ ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት በነጠላ ይነጣል። አውቶቡሱም ሚኒባሱም አይሱዙውም ተጓዥ ጭኖ ወደ ደቡብ ይተማል። መርሳ ላይ መኪኖቹ ሲቆሙ ፍራፍሬ የያዙ ልጆች በየመስኮቱ ይሻማሉ፤ ከኋላ ወንበር መዝሙር ይነሣል፤ አንዲት እናት ባዶ የጠበል ጀሪካናቸውን ከእግራቸው ሥር ያስተካክላሉ። የሁሉም ሐሳብ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ላይ መገኘት ነው።

ግራና ከዚህ መንገድ ሩቅ አይደለችም። በሐብሩ ቆላ፣ በተራራው ግርጌ የተኛች፣ ማሽላና ጤፍ፣ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም የምታበቅል አገር ናት፤ የቆቦ–ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ስሟን ከወረዳው ውጭ አስጠርቶታል። ከእርሻው ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው የተራራው ሰንሰለት አድማሱን ይዘጋዋል። ከዚያ ሰንሰለት ባሻገር፣ በአምባሰል፣ አምባ ግሸን አለች። የሐብሩ ሰው ግሸንን የሚያውቃት በግማደ መስቀሉ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እየተባለ በጥበቃ የሚኖሩባት አምባ እንደነበረችም ሽማግሌ ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ ይኸው አምባ በወሬና በመጽሐፍ ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ከታወቁት ልብ ወለዶች የአንዱ መነሻ ሆኗል። ያንን ልብ ወለድ በማስታወሻ አስደግፎ ለተማሪ ያበቃው ሰው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ አንድ በሽተኛ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ስሙ ጆርጅ በርክቤክ ሂል ይባላል። ይህ ጽሑፍ የእሱን ሕይወት ይከተላል። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሂል በፊት ግን ጌታው፣ የልብ ወለዱ ደራሲ፣ ይቅደም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1728 ኦክስፎርድ ፔምብሮክ ኮሌጅ ሲገባ የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ ነበር፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። ጫማው ተቀዶ ጣቱ መውጣቱን ያየ አንድ ሰው አዲስ ጫማ በሩ ላይ ቢያኖርለት ተቆጥቶ ወረወረው ይባላል። ቆሎ ተማሪን ለሚያውቅ አገር ይህ ኩራት ማብራሪያ አይሻም። ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይቆይ ድህነት ከኮሌጁ አስወጣው፤ ዲግሪም አልያዘም። ሥራ ፈትቶ በርሚንግሃም በተቀመጠበት ወቅት የመጀመሪያ መጽሐፉን አዘጋጀ፤ መጽሐፉም ስለ እኛ አገር ነበር። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ በ1620ዎቹና በ1630ዎቹ በኢትዮጵያ ያየውን የጻፈበትን የጉዞ መጽሐፍ፣ ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሥራው የተሠራው አልጋ ላይ ነው። ጆንሰን ጋደም ብሎ መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ በቃሉ ይናገራል፤ ወዳጁ ኤድመንድ ሄክተር ይጽፋል። በ1735 ታተመ፤ የተርጓሚው ዋጋ 5 ጊኒ ነበር።

ከዚያ 24 ዓመት አለፈ። በጥር 1759 እናቱ ሞተች። ለቀብሯ ወጪና ትታው ለሄደችው ጥቂት ዕዳ የሚሆን ገንዘብ ማግኘት ነበረበትና በአንድ ሳምንት ምሽቶች አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። በሚያዝያ የታተመው ይህ መጽሐፍ ኋላ «ራሴላስ» በሚል ስም የታወቀው ነው። አሳታሚዎቹ 100 ፓውንድ ከፈሉት፤ ሁለተኛው እትም ሲወጣ 25 ጨመሩለት።

ታሪኩ የሚጀምረው በአምሐራ ምድር፣ ዙሪያውን በተራራ በታጠረ ለምለም ሸለቆ ውስጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ይኖራሉ፤ የሚጎድልባቸው ነገር የለም፤ መውጣት ግን አይችሉም። አራተኛው ልጅ ራሴላስ ከድሎቱ መካከል ጭንቀት ያዘው። ከእህቱ ከነካያ፣ ከእሷ ደንገጡር ከፔኩዋና ዓለም ካየው ባለቅኔ ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስረው ወጡ፤ ካይሮ ወርደውም ደስተኛ ሰው ፍለጋ ባለጸጋውን፣ ፈላስፋውን፣ መናኙንና እረኛውን መረመሩ። ፍጹም ደስተኛ አላገኙም። የመጨረሻው ምዕራፍ ምንም ሳይቋጭ ያልቃል፤ ወደ አገራቸው ለመመለስ ግን ይወስናሉ። የልዑሉ ስም ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደመጣ በዘርፉ የታወቀ ነው፤ ሎቦ ደጋግሞ ያነሣቸዋልና።

ጆንሰን ይህን ሲጽፍ የግሸን እስር ቤትነት ካበቃ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አምባዋ በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ሠራዊት ወድቃለች፤ በጎንደር ዘመን ልዑላኑ የሚጠበቁት በበጌምድሩ ወህኒ አምባ ነበር። ወሬው ግን በመጽሐፍ ውስጥ አላረጀም። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ስለሚጠበቀው ተራራ የጻፈውን፣ ሌሎች እያጋነኑ ተቀባበሉት። ከዚህ ቅብብሎሽ መካከል አንድ የወሎ ሰው መኖሩን መርሳት አይገባም። ከቤተ አምሐራ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ጎታ ድረስ ሄደው ቋንቋውንና ታሪኩን አስረዱት። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681 በላቲን፣ በማግሥቱ ዓመት በእንግሊዝኛ ታተመ። እንግሊዝ ስለ ኢትዮጵያ ታውቀው የነበረው ቁም ነገር ብዙው በእሳቸው ቃል ያለፈ ነው። ከልጅነቷ ከፊሉን በጎንደርና በአዲስ አበባ ያሳለፈችው አሜሪካዊት ምሁር ዌንዲ ቤልቸር በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ ከዚህም አልፋ ሄዳለች፤ የጆንሰንን አእምሮ ከቀረጹት ነገሮች አንዱ ራሱ የሐበሾች አስተሳሰብ ነው ትላለች። እኔ በሙሉ ባልከተላትም፣ ጥያቄውን ከእኛ ወገን ማንሳቷን እወድላታለሁ።

እንግዲህ ወደ ሂል። የተወለደው በሰኔ 1835 ቶተንሃም ውስጥ ብሩስ ካስል በሚባል አሮጌ ቤት ነው። ያን ጊዜ በደብረ ታቦር ተቀምጦ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር የሚገዛው የየጁው ራስ ዓሊ፣ የዛሬው ሐብሩ ሰው ዘመድ ነበር። ብሩስ ካስል ትምህርት ቤት ሲሆን የሚመራውም ቤተሰቡ ነበር፤ አያቱ ቶማስ ራይት ሂል መምህር፣ አባቱ አርተር ሂል መምህር፣ አጎቱ ሮውላንድ ሂል ደግሞ በ1840 በአንድ ፔኒ ደብዳቤ የሚላክበትን የፖስታ ሥርዓት ያስጀመረ ሰው። ዱላን የሚጠላ፣ ተማሪው በራሱ ሕግ እንዲተዳደር የሚሻ ቤት ነበር።

በ1855 ሂል ፔምብሮክ ገባ፤ ጆንሰን በድህነት ጥሎት የወጣው ኮሌጅ መሆኑ ነው። እዚያ ኤድዋርድ በርን ጆንስን፣ ዊልያም ሞሪስን፣ ኋላም ሠዓሊውን ሮሴቲን ወዳጅ አደረገ። ሌሎቹ ስም ሲያወጡ እሱ በበሽታ ምክንያት በመጠነኛ ውጤት ተመረቀ፤ በ1858 አገባ፤ ወደ ብሩስ ካስልም ተመልሶ አስተማሪ፣ ኋላም ኃላፊ ሆነ። በማስተማር ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ጤናው ከመምህርነት አስወጣው። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ክረምቱን ከእንግሊዝ ብርድ ሸሽቶ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ባሕር ዳርቻ ማሳለፍ ያለበት ሰው ምን ይሠራል?

ያነብባል። ሂል 18ኛውን መቶ ዘመን ይዞ ተቀመጠ። በ1878 ስለ ጆንሰን፣ ስለ ወዳጆቹና ስለ ነቃፊዎቹ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ክርክሩ በዋናነት ከሃያሲው ከማኮሌ ጋር ነበር። ማኮሌ የጆንሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈውን ቦስዌልን ሞኝ፣ ጆንሰንንም አስገራሚ ግን የሚሣቅበት ሽማግሌ አድርጎ የሣለበት ጽሑፍ ለሁለት ትውልድ የሰውን ዓይን ይዞት ነበር። ሂል ያንን ያፈረሰው በንግግር አይደለም፤ እያንዳንዱን ክስ ወደ መረጃው መልሶ በማየት ነው። በዚያው ዓመት በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘርግተው የተዋሕዶ ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ ላይ ይከራከሩ ነበር። የወሎ ሙስሊም መሪዎች እንዲጠመቁ የታዘዘውም በዚያው ጊዜ ነው። እነ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር በእምቢታ የተነሡት፣ በዐረብ ፊደል በአማርኛ መንዙማ የገጠሙትም በዚህ ትውልድ ነው።

ከዚያ በኋላ የሂል ሕይወት ከኢትዮጵያ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኘ፤ የመጀመሪያው ያልታሰበ ነበር። ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ለግብፅ ኬዲቭ ሱዳንን ሲገዛ ለእህቱ ለአውጉስታ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በሂል እጅ ገቡ፤ አቀናብሮ በ1881 አሳተማቸው። መጽሐፉ ከ1874 እስከ 1879 ያለውን ይሸፍናልና መደምደሚያው ኢትዮጵያ ነው። ግብፅ በጉንደትና በጉራዕ ከተሸነፈች በኋላ ጎርደን ለድርድር ተላከ። በጉራዕ ከራስ አሉላ ጋር ተገናኘ፤ በጥቅምት 1879 መጨረሻ ደብረ ታቦር ደረሰ። አፄ ዮሐንስ የቦጎስን መመለስ፣ የባሕር በር፣ ጳጳስና ካሳ ጠየቁ። ስምምነት አልተገኘም። ጎርደን በመመለሻው ላይ ተይዞ መንገዱን ለውጦ እንዲሄድ ተደረገ፤ በታኅሣሥ ምጽዋ ሲደርስ ስለ ንጉሡ የያዘው አስተያየት መራራ ነበር። በጥር 1885 ካርቱም ላይ ሲገደል በእንግሊዝ አገር ስሙ የሰማዕት ስም ሆነና የሂል መጽሐፍ እንደገና ታተመ፤ የዮሐንስም መልክ በእንግሊዛዊ አንባቢ ዘንድ በዚያው በጎርደን ዓይን ጸና።

እዚህ ላይ ሂልን እወቅሰዋለሁ፤ የምወቅሰውም ሥራውን ስለማከብር ነው። አንድ የጆንሰን ንግግር በሦስት ሰው ቢነገር ሦስቱን ምስክር አቁሞ የሚያመዛዝን ሰው፣ በጎርደን ደብዳቤ ላይ ሌላውን ምስክር የሚጠራበት መንገድ አልነበረውም። የአፄ ዮሐንስ ቃል በዚያ መጽሐፍ የሚሰማው በጎርደን በኩል ነው። ጎርደን ከኢትዮጵያ እየተባረረ በነበረበት በኅዳር 1879 እውነተኛው የሐበሻ ልዑል እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ሞተ። ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ መቅደላ ስትወድቅ በሰባት ዓመቱ የተወሰደው፣ በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ዐረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ራሴላስ ከተዘጋ ሸለቆ አምልጦ ወደ አገሩ ለመመለስ ይወስናል፤ ዓለማየሁ አጽሙ እንኳ አልተመለሰም። ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም በዊልያም ራይት ካታሎግ በ1877 ተዘርዝረው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጠው ነበር። የጆንሰን ልብ ወለድና የጎርደን ደብዳቤ የአንድ ሊቅ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ የመቅደላ ብራና ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ግንኙነት የሂል የድካሙ ጫፍ በሆነው በ1887 ነው። ክላረንደን ፕሬስ በዚያ ዓመት «ራሴላስ»ን በሂል መግቢያና ማስታወሻ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የቦስዌል «የጆንሰን ሕይወት» በስድስት ቅጽ ወጣ። የትልቁ ሥራ መቅድም የተፈረመው ኦክስፎርድ አይደለም፤ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ባለችው በክላረን፣ በማርች 1887 ነው። መታሰቢያነቱ ለቤሊዮል ኮሌጅ አለቃ ለቤንጃሚን ጃውት ሆነ። ቤተ መጻሕፍት በማይደርስበት ኪራይ ቤት፣ ክረምቱን በሚያስል ደረት፣ ያንን ሁሉ ማጠናቀር ምን እንደሚጠይቅ ለመገመት ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል።

ቦስዌል በ1791 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ በሰው ስም፣ በወሬ፣ በጨዋታ የተሞላ ነው። አንድ ምሽት ጆንሰን ስለ አንድ መጽሐፍ ይናገራል፤ ቦስዌል የደራሲውን ስም አይጽፍም። ሌላ ቦታ አንድ የላቲን ግጥም ተጠቅሷል፤ ከየት እንደሆነ የለም። ሂል የሚሠራው ይህንን ነው። ሰውየው ማን ነበር? ያንን ቃል ጆንሰን ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ተናግሮታል? የዘመኑ ጋዜጣ ያንን ቀን ምን ይላል? መልሱ ከገጹ ግርጌ ይሰፍራል፤ በእያንዳንዱ ማስታወሻም አንባቢውን ወደ ኋላ ያለፈውን፣ ወደ ፊት የሚመጣውን ገጽ እያመለከተ ያገናኘዋል። ስድስተኛው ቅጽ በሙሉ ማውጫ ሲሆን የጆንሰን አባባሎች በርዕስ ተሰድረውበታል። የሚፈልጉትን ቃል ይዘው ገብተው የተነገረበትን ቀንና ቦታ ይዘው ይወጣሉ።

ይህ ሥራ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር ንባቡን ያወርዳል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ትርጉሙን ይዘረጋል፤ ምሳሌ፣ ታሪክ፣ ሌላ መጽሐፍ ጠቅሶ ያጸናዋል። በየጁው ዳና የሚቀራ ደረሳም እንዲሁ ከኪታቡ ንባብ ጋር ዳር ዳር የሰፈረውን ሐሺያ ይማራል፤ የዋናው ጸሐፊ ቃል ያለ ሐታቾቹ አይያዝም። ልዩነቱ ሂል ያንን ትጋት ለዓለማዊ መጽሐፍ፣ ለቡና ቤት ጨዋታና ለመሸታ ክርክር ማዋሉ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ በኦክስፎርድ ራሱን የቻለ የምርቃት ትምህርት ገና አልሆነም ነበር፤ የሆነው በ1890ዎቹ ነው። ሂል የሊቅነት መንበር አልነበረውም። ደመወዝ የሚከፍለው ተቋም ሳይኖር፣ አንድን የትናንት ጸሐፊ እንደ ሆሜር ወይም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ በጥንቃቄ ማንበብ እንደሚገባ በሥራ አሳየ። እኔ ለዚህ ሰው የማዳላው በዚህ ነው፤ የራሱን ስም ሳያስቀድም የሌላውን ቃል እንዲሰማ አደረገ።

የተቃወሙት አልጠፉም። ማስታወሻው በዛ፣ ንባቡን አነቀው ያሉ ነበሩ። ፐርሲ ፊትዝጄራልድ በ1898 የሂልን እትሞች ስሕተት የሚዘረዝር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። ከፊሉ የባላንጣ ክስ ነው፤ ፊትዝጄራልድ ራሱም የቦስዌል አዘጋጅ ነበር። ከፊሉ ግን እውነት ነው፤ ብቻውን ከቤተ መጻሕፍት ርቆ የሠራ ሰው ስሕተት አያጣም። ሂል በበኩሉ ሥራውን ቀጠለ። በ1892 የጆንሰንን ደብዳቤዎች በሁለት ቅጽ፣ በ1897 በጆንሰን ዙሪያ የተጻፉ ትዝታዎችን በሌላ ሁለት ቅጽ፣ በዚያው ዓመትም የወጣትነት ወዳጁን የሮሴቲን ደብዳቤዎች አወጣ። ፔምብሮክ በ1892 የክብር አባል አደረገው፤ ባለ መጠነኛ ውጤቱ ተመራቂ ጆንሰን በወጣበት በር በክብር ተመልሶ ገባ። ቤተሰቡም በመረጃ የመኖር ልማድ ወርሷል። ልጁ ሊዮናርድ ሂል የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ነበር፤ የልጅ ልጁ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ከሪቻርድ ዶል ጋር በ1950 ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር ያረጋገጠው ነው።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ «ራሴላስ»ን ወደ አገሩ የመለሱት ኢትዮጵያዊ ናቸው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ልብ ወለዱን በአማርኛ አሳተሙት። ከሂል የምንማረው ካለ ለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ነው የምመኘው። የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ክፍሎች አብረው ቢሠሩት አንድ ሙሉ እትም ይወጣዋል። ግርጌው ላይ የግሸን ታሪክ ከነዘመኑ፣ የወህኒ አምባም እንዲሁ፣ የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሕይወት፣ የአባ ጎርጎርዮስ ቃል ከሉዶልፍ ገጽ ጋር፣ የሎቦ ስሕተት ከሱስንዮስ ዜና መዋዕል ጋር ተፋጥጦ ሊሰፍር ይገባል። የአምባሰልን መንገድ የሚያውቅ ሰው የሸለቆውን ማስታወሻ ቢጽፈው ሂል ሊጽፈው ከሚችለው የተሻለ ይሆናል። ይህ ሥራ ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም፤ አምስት ስድስት የማይሰለቹ አንባቢዎችን ግን ይጠይቃል።

ሂል ባለቤቱ ከሞተች ከጥቂት ወራት በኋላ በየካቲት 1903 ሎንዶን ሃምስቴድ ውስጥ ዐረፈ። የጆንሰን መጻሕፍቱን ለፔምብሮክ ተወ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የጆንሰን «የገጣሚያን ሕይወት» ዝግጅት በዘመዱ በሃሮልድ ስፔንሰር ስኮት ተጠናቆ በ1905 ወጣ። የቦስዌሉን ስድስት ቅጽ ኤል ኤፍ ፖዌል ከ1934 ጀምሮ አርሞ እንደገና አሳተመው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ቅጽ በ1950 ወጡ። ፖዌል ስሕተቱን አረመ፣ አዲስ የተገኘውን ጨመረ፣ የገጾቹን ቁጥር ግን አልነካም፤ በሂል እትም የተጠቀሰ ሁሉ ቦታውን እንዳይስት። ስለ ጆንሰን የሚጽፍ ተመራማሪ ቦስዌልን በቅጽና በገጽ ሲጠቅስ ቁጥሩ ዛሬም ሂል በ1887 ያወጣው ነው።